የአጎቴ የወርቅ ሸክላ

ከሰው መካከል ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የብራና መጻሕፍት የሚያሳድድ አለ፤ የማርትሬዛ ብር የሚያከማቹ አንድ ሽማግሌም አውቃለሁ። የማርትሬዛ ብር፥ መቼም ይመታ መቼ፥ 1780 የሚል ዓመት ስላለበት፥ እኒህ ሽማግሌ አንዱን ከሌላው የሚለዩት በአሞራው ጅራት ላባና በንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ላይ ባሉት ጥቃቅን ምልክቶች ነው። ማጉያ መነጽራቸውን ደግነው ብሩን ሲያገላብጡ የተመለከተ ሰው፥ የሰው ልጅ ትዕግሥት እስከ ምን እንደሚደርስ ይረዳል። እኔም ከእነዚሁ ወገን ነኝ። ነገር ግን የምሰበስበው ዕቃ ለወዳጆቼ ሁሉ መሳቂያ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ካላስረዳሁ የአንባቢ ፈገግታ ይቀድመኛል ብዬ እሰጋለሁ።

የምሰበስበው በክፈፍ ውስጥ ተሰቅሎ የሚኖር፥ የማይዘፍን ሸክላ ነው።

በአሜሪካና በኤውሮፓ አንድ ዘፈን እጅግ ብዙ ሲሸጥ፥ ሸክላው በወርቅማ ቀለም ተለብጦ፥ ከሥሩ የዘፈኑ ስምና የሽያጩ ቍጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበት፥ በመስታወትና በክፈፍ ሆኖ ለዘፋኙ ይበረከታል። ለዘፋኙም ብቻ አይደለም፤ ለአቀናባሪው፥ ለሸክላው ኩባንያ ሠራተኛ፥ ዘፈኑን ደጋግሞ ላሰማው የሬዲዮ ጣቢያ፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ለሸጠው ባለ ሱቅ ሳይቀር ይሰጣል። የልማዱ መነሻ ግሌን ሚለር የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ መሪ ነው ይባላል። «ቻታኑጋ ቹ ቹ» የተባለው ዘፈኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጠ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1942 ኩባንያው አንዱን ሸክላ የወርቅ ቀለም አስነፍቶ በሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሸለመው። በዚያን ጊዜ ቈጣሪውም ሸላሚውም ሻጩ ራሱ ነበረ። ነጋዴ ለገዛ ሚዛኑ ሲመሰክር ማን ያምነዋል? ስለዚህ በ1958 የአሜሪካ የሸክላ አምራቾች ማኅበር ሽያጩ በሒሳብ መርማሪ እየተመረመረ የሚሰጥ የወርቅ ማዕረግ አቆመ፤ በትንሽ ሸክላ የመጀመሪያውን ያገኘውም ፔሪ ኮሞ የተባለ ዘፋኝ ነው። በ1976 የፕላቲኒየም፥ በ1999 ደግሞ የአልማዝ ማዕረግ ተጨመረ። ዛሬ 500,000 የተቈጠረለት ወርቅ፥ አንድ ሚሊዮን የተቈጠረለት ፕላቲኒየም፥ አሥር ሚሊዮን የተቈጠረለት አልማዝ ይባላል። ሸክላ የሚገዛው ሰው ቢያንስም፥ በኢንተርኔት 150 ጊዜ የተደመጠ ዘፈን እንደ አንድ ሽያጭ ስለሚታሰብ ቍጥሩ አልጐደለም።

እነዚህ ክፈፎች ባለቤቶቻቸው ሲያረጁ ወይም ሲቸገሩ፥ ወይም መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ፥ ወደ ገበያ ይወጣሉ። የእኔም ነገር የጀመረው በገበያ ላይ ነው።

በ2000 ዓ.ም. እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ሔጄ ሳለሁ፥ አንድ ቅዳሜ ቀን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብ ላይ፥ በመጥበሻና በተሰበረ የጠረጴዛ መብራት መካከል ተጋድሞ አንድ የወርቅ ሸክላ አየሁ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ተሸላሚ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረ። ሸክላው እንደ ጠዋት ፀሐይ ያበራል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ብልጭታው አልነበረም።

«ይህንን ዕቃ አውቀዋለሁ» አልሁ።

«አንተ ደግሞ ይህን የት አይተህ ታውቃለህ?» አለች እኅቴ።

«ሞጣ፥ ጋሼ ቤት።»

ጥቂት ዝም ብላ ተመለከተችው። ከዚያም «እውነትህን ነው» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም በዋጋው ሳልከራከር ከፍዬ በብብቴ ይዤው ወጣሁ።

ጋሼ የምንላቸው ያባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሞጣ ከተማ፥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ጠጅ ቤት ነበራቸው። ጠጃቸውን ያወደሰ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ልጅ ስለ ነበርሁ ብርሌውን ከማጠብ በቀር አልደረሰኝም። በ1962 ዓ.ም. በጋ ማርና ቅቤ ጭነው አዲስ አበባ ወረዱ፤ ሲመለሱም ዓባይን ተሻግረው፥ ከደጀን በብቸና አድርገው፥ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሰው ሞጣ ገቡ። በጭኖቻቸው መካከል አንድ ሣጥን ይዘው ነበረ። ሣጥኑ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ኖሯል። ሸክሎቹንም እንደ እንቍላል በጭድ መካከል ደርድረው አምጥተዋቸዋል።

ከዚያ በፊት በጠጅ ቤቱ የሚዘፍነው አንድ ባለ መሰንቆ አዝማሪ ነበረ። በመጀመሪያው ማታ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆመና ሣጥኑን እስኪጨርስ አዳመጠው። ከዚያም «ይህ ሰው ለምን ሽልማት አይቀበልም?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ያንኑ ዜማ በመሰንቆው አስመስሎ መጣና፥ ዘፈኑ ቀድሞ የእርሱ እንደ ነበረ፥ አዲስ አበቤዎች እንደ ሰረቁት ለገበያተኛው ሁሉ ተናገረ። ጋሼም አላሳጡትም፤ አንዱን ሸክላ ሲያሳርፉ እርሱን ያዘፍኑት ነበር።

ከሸክሎቹ ሁሉ የተወደደው አለማየሁ እሸቴ የተጫወተው «ትማርኪያለሽ» ነበረ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ባላገር፥ የጤፍ ነጋዴው፥ የትምህርት ቤቱ መምህራን፥ ተደብቆ የገባው የቅኔ ተማሪ ሳይቀር «እስቲ ያንን ድገሙት» ይላል። ጋሼም የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለ ሆነባቸው፥ ዘፈን የሚያስደግም ሁሉ 10 ሳንቲም እንዲከፍል ደነገጉ፤ ለሒሳቡም በጠጅ ደብተራቸው የኋላ ገጽ ላይ አንዳንድ ሰረዝ ይጥሉ ጀመር። ጋሼ በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል፥ ጥቂትም ቅኔ ቈጥረዋል። የቍጥር ነገር አንዴ ከጀመራቸው አይለቃቸውምና፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ያልተከፈለበትንም መቍጠር ያዙ። ማለዳ ቤቱ ሲጠረግ ለብቻቸው የሰሙትንም ይጽፉ ነበር።

ሸክላ ደግሞ እንደ ማረሻ ነው፤ ባገለገለ ቍጥር ያልቃል። መርፌው በየመስመሩ ሲሔድ መስመሩን እየፋቀ ስለሆነ፥ ድምፁ መጀመሪያ ይሻክራል፥ ቀጥሎ ይንሾካሾካል፥ በመጨረሻ መዝለል ይጀምራል። ጋሼ መርፌው እንዳይዘል ብለው በክንዱ ላይ ስሙኒ አስቀመጡበት፤ ይህም ጥቂት ጊዜ ረዳና በኋላ ጭራሽ ሸክላውን አረሰው። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ በሰዓት እላፊ ምክንያት ጠጅ ቤቱ በጊዜ ይዘጋ ጀመር፤ ሰውም እንደ ቀድሞው አይስቅም። በ1967 ዓ.ም. አንድ ቀን መርፌው ከመካከሉ ላይ ተነሥቶ እንቢ አለ። ጋሼ ደብተራቸውን አውጥተው ሰረዞቹን ደመሩ፤ 1,312 ሆኑ።

በማግስቱ አናጢ ጠርተው የዋንዛ ክፈፍ አሠሩ፤ መስታወትም አስገቡበት። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት አጠራቅመው በዙሪያው ለጠፉበት። በሸክላው መካከል ክብ ነጭ ወረቀት ለጥፈው፥ ከሥሩም ሌላ ወረቀት አድርገው፥ ጽሕፈቱን ለአንድ እጀ መልካም ደብተራ ሰጡ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ጋሼ የዘፋኙ ስም በቀይ ቀለም እንዲጻፍ ፈለጉ፤ ደብተራው ደግሞ «ቀይ ቀለም የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም መጻፊያ ነው፤ የዘፋኝ ስም አልጽፍበትም» አሉ። ጋሼ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ስሙን በጥቁር፥ ቍጥሩን በቀይ ይጻፉልኝ፤ ቍጥር ኀጢአት የለበትም» አሏቸው። እንዲሁም ሆነ። ከ1962 እስከ 1967 ዓ.ም. በዚህ ቤት 1,312 ጊዜ የተሰማ ሸክላ መሆኑ በጥሩ የቁም ጽሕፈት ተጻፈ። ጋሼ ክፈፉን በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልና ባያቴ ፎቶግራፍ መካከል ሰቀሉት፤ ባለቤታቸው እትዬ ግን ከሥዕሉ ጋር መስተካከሉን አልወደዱትምና አንድ ስንዝር ዝቅ አደረጉት።

«ጋሼ፥ ስለ ምን ሰቀሉት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ሠርቷላ፥ ልጄ፤ የሠራ ጡረታ ይወጣ የለምን? እኔን የሚያጦረኝ የለም፤ እርሱን ግን እኔ አጡሬዋለሁ» አሉኝ።

ሰው የወርቅ ሸክላ በዓለም ላይ እንዳለ ለጋሼ ነግሯቸው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። የነገራቸው አይመስለኝም። አገራችን ቈጥሮ የሚመሰክር የሒሳብ መርማሪም፥ ወርቅ የሚቀባ ማኅበርም ያልነበረባት አገር ናት። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ፥ የኢትዮጵያ ሸክላ የሚታተመው በሰው አገር ነበረ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን አጥር የዘለለው በፒያሳ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት አምሐ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጾ፥ ወደ ህንድ አገር ልኮ አሳተመ፤ እስር ይመጣብኛል ብሎ ሲጠብቅ ማንም አልነካውም። ያ የመጀመሪያው ሸክላ ነው በሞጣ 1,312 ጊዜ የተሰማው። አምሐ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ እስኪሔድ ድረስ 103 ትናንሽና 12 ትላልቅ ሸክሎች አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋም በበኩሉ የማሕሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ከመሳሰሉት ጋር ብዙ አሳተመ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ካሴት መጥቶ የሸክላውን ዘመን ዘጋው።

የዘፈን መወደድ በዚያ ዘመን የሚታወቀው እረኛ ሲያፏጨው፥ ሙሽራ ሲታጀብበት፥ አዝማሪ የኔ ነው ብሎ ሲክድበት ነበረ። ዛሬ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካናዳ የተወለደው፥ በአያቱ ቤት አማርኛ ሲሰማ ያደገው አቤል ተስፋዬ፥ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ፥ «ዘ ሂልስ» በተባለው ዘፈኑ መጨረሻ ላይ በአማርኛ ይናገራል፤ ያ ዘፈን የአልማዝ ማዕረግ አግኝቷል። አሥር ሚሊዮን ጊዜ የተቈጠረ ሸክላ በውስጡ አማርኛ ይዞ በአሜሪካ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ለጋሼ ልነግራቸው ተመኘሁ። «ቍጥሩን በቀይ ጽፈውታል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

አሁን የማልወደውን ነገር መናገር አለብኝ።

ጋሼ በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1997፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የእነዚያን ዘመናት ዘፈኖች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ ማሳተም ጀመረ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዓለም ሰማው፤ የድሮው ሸክላም የሚታደን ዕቃ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ሸክላ የሚገዛ አንድ የውጭ አገር ሰው በወዳጅ በኩል አገኘሁ። እኔ በዚያን ጊዜ መምህር ነበርሁ፤ ስለ ሸክላ ዋጋ የማውቀው ነገር የለም። ይዤው ሞጣ ወረድሁ። እትዬንም «ዘፈኑ ሁሉ በካሴት አለ፤ ይህ አሁን ለምን ይጠቅማል? አይጥ ይበላዋል» አልኋቸው። እርሳቸውም «አንተ የተማርህ ነህ፤ ካልህ ይሁን» አሉ።

ሰውየው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሸክሎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዘነበለ ተመለከታቸው። 60 ነበሩ። 57ቱን ወሰደ፤ ሦስቱን «እነዚህ አልቀዋል» ብሎ መለሰ። ስንት ትፈልጋለህ ሲለኝ ለአንዱ 25 ብር ጠራሁ፤ 1,425 ብር ቈጥሮ ሰጠኝ። በገንዘቡ እትዬ ለማድ ቤታቸው ቆርቆሮ ገዙ። ክፈፉን ባሳየው በትሕትና ፈገግ ብሎ አለፈው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚያ ሸክሎች የአንዱ ዓይነት ሲሸጥ የተጠየቀው ዋጋ እኔ ለ57ቱ ከተቀበልሁት ይበልጥ እንደ ነበር አየሁ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ ዋጋውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ያሳመምኋቸውም እትዬን ነው፤ የተማርህ ነህ ብለው አምነውኝ ነበርና። በዋሽንግተኑ ገበያ ያን ክፈፍ ሳልከራከር የገዛሁበትን ምክንያት አንባቢ አሁን የተረዳው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሌሎች ጨመርሁ፤ በጠቅላላው አራት ሆኑ። ጥበቡንም በመጠኑ ተማርሁ። ከ1964 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሰጡት የአሜሪካ ክፈፎች ከሸክላው በስተጀርባ ነጭ ጨርቅ መሳይ ገጽ ስላላቸው እጅግ ይፈለጋሉ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሐሰተኛ እንዳይሠራባቸው የማኅበሩ የሚያብረቀርቅ ማኅተም አለባቸው። ሐሰተኛው ብዙ ነውና።

እውነተኛውም ቢሆን ጉድ አለበት። አንድ ማታ የመጀመሪያውን ክፈፌን በመብራት ሥር አጋድሜ ስመለከት፥ በሸክላው ላይ ዘፈንን ከዘፈን የሚለዩት ባዶ መስመሮች ታዩኝ። ቈጠርኋቸው፤ ሰባት ዘፈን ይወጣቸዋል። በመካከሉ ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን አምስት ዘፈን ነው። ደግሜ ቈጠርሁ። በዚህ ነገር ያረጀ አንድ የዋሽንግተን ሰብሳቢ ብጠይቅ፥ ሳቀና ነገሩ የታወቀ መሆኑን አስረዳኝ። የወርቅ ሸክላ የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸው መለበጥ እንጂ መዝፈን ስላልሆነ፥ በእጃቸው የተገኘውን ማናቸውንም ሸክላ ወርቅ ያለብሱና የተሸላሚውን ወረቀት ይለጥፉበታል። ስሙ የአንዱ፥ ድምፁ የሌላው ነው። ሰብሳቢዎችም ይህን እያወቁ ይገዙታል። ነገሩ ለብዙ ቀን ቅር አሰኘኝ። የጋሼ ክፈፍ ትዝ ሲለኝም «የእኛስ እውነተኛ ነው» እያልሁ እጽናና ነበር።

በ2011 ዓ.ም. እትዬ ቤታቸውን ሲያሳድሱ «ይህን የአጎትህን ነገር ውሰደው፤ ለኔ ግድግዳ ይከብደዋል» ብለው ክፈፉን ሰጡኝ። በጋቢ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አመጣሁት፤ ቢሆንም ደጀን ሳልደርስ መስታወቱ ተሰነጠቀ። አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ክፈፍ ሠሪ ሰጠሁት። ሰውየው ምስማሩን ነቅሎ ሸክላውን ሲያወጣ፥ በመካከሉ የነበረው ክብ ወረቀት ሙጫው ደርቆ ኖሮ ብድግ አለና እንደ ቅጠል ወደቀ። ከሥሩ ሌላ ጽሕፈት ታየ። አነበብነው፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማሪያ ሸክላ ነው።

ክፈፍ ሠሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አራት የአሜሪካ ክፈፎች የሰው ድምፅ ይዘው በቤቴ ተሰቅለዋል፤ አምስተኛው የጋሼ መሆኑ ነው። ከዚያ የባሰው ሐሳብ ግን ቀጥሎ መጣ። በክፈፉ ውስጥ ያልተቀመጠው ሸክላ የት ነው ያለው? ከሸጥኋቸው መካከል ከሆነ፥ ጋሼ 1,312 ጊዜ የቈጠሩለትን ነገር በ25 ብር ሸኝቼዋለሁ።

ለፋሲካ ሞጣ ወረድሁ። እትዬ በረንዳቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ጕልበታቸውን ስሜ፥ የቤቱን ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ ነገሩን አነሣሁ።

«እትዬ፥ በክፈፉ ውስጥ ያለው ሌላ ሸክላ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?»

«እንዴት አላውቅ? ለመለጠፊያው ዱቄቱን ያፈላሁላቸው እኔ አይደለሁምን?»

«ታዲያ ጋሼ ለምን እንዲህ አደረጉ?»

እንዝርቱን አሳረፉና ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። «እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹እንግዳ ክፈፉን ይይ፤ እኔ ሸክላውን እሰማለሁ፤ ከመስታወት ውስጥ ከገባ ማን ሊያሰማኝ ነው?› አሉኝ። ማታ በሩን ዘግተው ይሰሙት ነበር። ይዘላል እኮ፤ ሲዘል የዘለለውን በአፋቸው እየሞሉ ይቀበሉታል። እኔ ሲያፍሩብኝ እንዳላይ ፊቴን አዞር ነበር።»

«ይቈጥሩት ነበር?»

«ከዚያ ወዲያማ አልቈጠሩትም።»

ሸክላው የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ አፌ ከበደኝ። እርሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው «ያ ፈረንጅ ካለቁት ጋር መልሶልህ ነበር እኮ» አሉና በአገጫቸው ወደ ጓዳ አመለከቱኝ። ገባሁ። በማእዘኑ የውሃ እንስራ ተቀምጧል፤ በእንስራው አፍ ላይ ሸክላው ተከድኗል። በመካከሉ ቀዳዳ ጨርቅ አሳልፈው ቋጥረው ማንሻ አድርገውለታል። ሸክላ በሸክላ ላይ 15 ዓመት ኖሯል። የአምሐ ምልክት ያለበት ወረቀት በውሃ ርሶ ደብዝዟል፤ የአለማየሁ ስም ግን ይነበባል።

«እትዬ፥ ይህን ልውሰደው?»

«ወስደህስ፥ እኔ ውሃዬን በምን ልክደን?»

ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክዳን ገዛሁላቸው። አገላብጠው አዩትና «ቀላል ነው» አሉ፤ ማመስገናቸው ይሁን መውቀሳቸው አልገባኝም።

ክፈፉን እንደ ነበረው አሳደስሁት። የእንግሊዝኛውን ሸክላ መልሼ አስገባሁበት፤ የደብተራውንም ወረቀት በቦታው አስለጠፍሁት። ጋሼ ያደረጉትን የማርምበት ሥልጣን የለኝም። ከአራቱ አሜሪካውያን ጎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ የቱ ይበልጥብሃል ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም በቀይ የተጻፈውን ቍጥር አሳየዋለሁ። እውነተኛውን ሸክላ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት።

በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አምሐ እሸቴ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አለማየሁ እሸቴ ተከተለው። አሳታሚውና የመጀመሪያ ዘፋኙ አንድ ዓመት አልለያያቸውም። የአለማየሁን ዕረፍት በሬዲዮ የሰማሁ ማታ ሸክላውን ከመሳቢያ አውጥቼ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥሁት። ጠርዙ ስለ ጐበጠ ክንዱ እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዝናብ ድምፅ መሳይ ሹክሹክታ ውስጥ መለከቱ መጣ፤ ቀጥሎ የአንድ ወጣት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም መርፌው ዘለለ። የዘለለውን በአፌ ልሞላ ሞከርሁ፤ እንደ ጋሼ ግን አላውቀውም፤ ሳልጨርስ ድምፁ ቀደመኝ።

በማግስቱ ለእትዬ ስልክ ደውዬ ይህንኑ ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ከሰሙኝ በኋላ፥ የፕላስቲኩ ክዳን ውሃቸውን እያሸተተባቸው መሆኑን ነገሩኝ። ፈረንጁ ከመለሳቸው ከሦስቱ የቀሩት ሁለቱ የት እንደ ገቡ አውቅ እንደሆነም ጠየቁኝ።